አረንጓዴው ሰማይ

ጥቅምት 3 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እትዬስ እንዴት ናት? እጅህን የያዘህ ቁርጥማት ለቀቅ አደረገህ ወይስ አሁንም አንተ እየነገርካት ሚስትም ጸሐፊም ሆና የምትጽፍልህ እሷ ናት? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው «ደህና ነኝ የምትዪው ደህና ሳትሆኚ ስትቀሪ ነው» ስላልከኝ ይህቺን ቃል መጻፍ ራሱ አስፈርቶኛል። እሺ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ደክሞኛል። ምን ሆነሽ ነው ብለህ ለጠየቅከኝ መልሱ «ሩቅ ኬላ» ነው።

የመጀመሪያው ክፍል አልቋል፤ ቢያንስ በእኔ በኩል። አንተ በወጣትነትህ የሠራኸው፣ እኔ ቴሌቪዥን ፊት ተጋድሜ ያደግኩበት፣ መጨረሻ ላይ ስምህ ሲወጣ የጎረቤት ልጆች ላይ የምጎርርበት ድራማ ይኸው ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ተነስቶ በእኔ እጅ ኤዲት ተደረገ። በጠፈር መንገዶች ሁሉ ጫፍ ላይ ያለችው ኬላ ያችው ናት፤ መንኩራኩር እያስቆመች የምትፈትሸው ተቆጣጣሪም ያችው ናት። ተዋናይዋ ራሷ ተመልሳለች። ፀጉርሽን እንቀባው ሲሏት «ኬላው አርጅቶ እኔ ልጅ ሆኜ ልገኝ?» ብላ እምቢ አለች።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ቅጂ የሚጀምረው በዝምታ ነው። ኬላው ተዘግቶ ኖሯል፤ ተቆጣጣሪዋ ቁልፍ ልታስረክብ ትመጣና ባዶዎቹን ክፍሎች መብራት እያበራች ታልፋለች። ማንም አይናገርም። የፕሮግራም ኃላፊው አይቶ «ተመልካቹ ይህ እስኪያልቅ ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ ይመለሳል» አለኝ። እሱ የሚፈልገው በፍንዳታ እንዲጀመር ነው። ለሌላ ልጅ ሰጥቶ የራሱን ቅጂ አሠርቷል። በወሩ መጨረሻ ገምጋሚ ኮሚቴው ሁለቱን አይቶ አንዱን ያስተላልፋል። የእኔ ከወደቀ የቀሩትም ክፍሎች ለዚያ ልጅ ይሰጣሉ፤ እኔ ወደ ዜና ክፍል ተመልሼ የስብሰባ ጭብጨባ እቀጣጥላለሁ።

ከኮሚቴው ግማሹ በአንተ እጅ ያደገ ነው። አንተ ብትጽፍ ይሰሙሃል። ስለዚህ እየው፤ ጥሩውንም መጥፎውንም ጻፍልኝ፤ አታባብለኝ። ስልክ እንዳልደውል «በስልክ ሐሜት እንጂ ሂስ አይነገርም» ትላለህ። ቅጂዬ ያለበትን ፍላሽ ወደ እናንተ ለሚመላለሰው የአውቶቡስ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ይሰካል፤ እትዬ ታውቀዋለች።

ታናሽህ


ጥቅምት 14 ቀን

እንዴት ነሽ ሚጡ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እትዬሽ የፈተና ወረቀት ስታርም ሰነበተች፤ ያለ እሷ ደግሞ አልጽፍም፣ ቁርጥማቱ እንዳለ ነው። ለጤናዬ አታስቢ። ሐኪሙ ምን አለህ ብለሽ በየደብዳቤው አትጠይቂኝ፤ ሐኪም የሚለው አያጣም። ፍላሹ በሰላም ደርሶ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያለውን በዓይኔ በብረቱ አይቼ የመሰከርኩት ነውና እንዳለ ለኮሚቴው ስጪው።

አታባብለኝ ስላልሽ ከሚያሳፍረው ልጀምር። ድራማው ውስጥ የገቡት አዳዲሶቹ ልጆች በዝተዋል። ገና ከመግባታቸው ሙያቸውንና ጠባያቸውን ይዘረዝራሉ፤ ሥራ ሊቀጠሩ የመጡ እንጂ ጠፈር ላይ የሚኖሩ አይመስሉም። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ነው የሚያወሩት፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው። ከእነሱ አንዱ፣ መካኒኩ፣ ደግሞ ኬላው ለምን እንደተዘጋ ለተቆጣጣሪዋ ያስረዳታል። እሷ አይደለችም እንዴ የዘጋችው? ለእሷ አይደለም የሚነግራት፣ ለእኛ ነው። እኛን ደደብ ናችሁ ያለን ማነው?

የድሮውን ዜማ ቃል ባለቀባችሁ ቁጥር ታስገቡታላችሁ። እኔም ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ስሰማው አብሬ አንጎራጎርኩ። በኋላ ግን «ኧረ በቃ!» አልኩ። ናፍቆትም ሲበዛ ያቅለሸልሻል። መጨረሻ ላይ የሚስቀው ክፉ ሰውዬስ ከየት መጣ? በሚቀጥለው ሳምንት እንድንመለስ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ቁረጪው። (እትዬሽ ከዚህ የባሰ ቃል ተናግሬ አልጽፍም ብላ ነው።)

አሁን ወደ ጥሩው። መክፈቻሽን ማንም እንዳይነካብሽ። እርምጃዋ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ቀጭ ሲል፣ የሚቀጥለው ክፍል፣ እንደገና ቀጭ። አንደኛው ክፍል ላይ መብራቱ እምቢ ሲላት ደግማ ትጫነዋለች፤ ከዚያ ትንሽ ሳቅ ብላ ትታው ትሄዳለች። በዚያች ሳቅ ሃያ ዓመት አለፈ። በፍንዳታ ይጀመር የሚለው ሰው ይህን አልሰማም ማለት ነው።

ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሰማይ አረንጓዴ ማድረጋችሁ ደግሞ ደፋር ነገር ነው። እኛ በጊዜያችን ጥቁር ጨርቅ በመርፌ እየበሳን ከኋላው አምፖል አብርተን ኮከብ ነው እንል ነበር፤ ከዚያ ውጭ አላሰብንም። ጠፈር የግድ ጥቁር ነው ያለው ማነው?

ከሁሉ የበለጠው ግን የመንገደኛው ትዕይንት ነው። ወረቀት ሳይዝ መጥቶ «ከኋላዬ ማንም አልቀረም፣ ወደ ፊት ብቻ ነው መሄድ የምችለው» ይላታል። እሷም «ወረቀት የሌለው አያልፍም» ስትል ድምፅዋ መሀል ላይ ይሰበራል። ሙዚቃ አላስገባሽም፤ እጅሽ ይባረክ። ሌላ ሰው ቢሆን ለመንገደኛው ቀንድና ጅራት ይቀጥልለት ነበር። ዱላ ላይ የተሰካች ኳስ አድርጋችሁ መተዋችሁ ድፍረትም ብልህነትም ነው። ዓይን የሌላትን ኳስ እያየች ነው የምታለቅሰው፤ ሐዘኑ ሁሉ ከእሷ ድምፅ ነው የሚመጣው። ኮሚቴው ሌላውን ሁሉ ቢጥል ይህን እንዳይነካ። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ትዕይንት አላሰናዳሁም። ይህን ስልሽ አላባበልኩሽም።

ወንድምሽ

እኔም አብሬ አይቼዋለሁ። ጥሩ ነው፤ እዚህም እዚያም ግን አልገባኝም። እትዬሽ።


ጥቅምት 19 ቀን

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ወደ ትምህርት ቤትሽ የላክሁት ለአንቺ ብቻ ስለሆነ ነው። ለጋሼ እንዳታነቢለት።

ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ። አረንጓዴው ሰማይ ጋ ስደርስ ሳቅ አፈነኝ፤ እያሾፈብኝ መሰለኝ። ኳሷ ጋ ስደርስ መሳቅ አቆምኩና መሳቢያዬን ከፈትኩ። ያለቀው ቅጂ እዚያው ቁጭ ብሏል። ለሾፌሩ የሰጠሁት ያላለቀውን ነው፤ ሁለቱ ፍላሾች አንድ ዓይነት ናቸው። ድምፁ ሙሉ ነው፣ ምስሉ ግን ገና ነበር። አረንጓዴው ሰማይ ሳይሆን ጨርቅ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት ልጆች በኋላ አጥፍተው ኮከብ ይሞሉበታል። ኳሷም ተዋናይዋ ወዴት እንደምታይ እንድታውቅ የተሰካች ናት፤ መንገደኛው በላይዋ ላይ ይሳላል።

ጋሼ ጣቢያችን ውስጥ የሠራው ይህ አሠራር ሳይመጣ ነው፤ ላያውቀው ይችላል። ግን እትዬ፣ ጨርቁ የተጨማደደ ነው። የተያዘበት የልብስ መቆንጠጫ ሳይቀር ይታያል። ዱላውን የያዘው ሠራተኛ እስከ ትከሻው ቆሞ ይታያል። ጋሼ ተዋናይ ከንፈር ላይ አንዲት ክር አይቶ ትዕይንት ሙሉ የሚጥል ሰው ነው። እኔን ይህን ሥራ ያስተማረኝ በዚያች ክር ነው።

ቁርጥማት የሚባለው ነገር እውነት ነው? እባክሽ አትደብቂኝ። ጋሼ ያያል?


ጥቅምት 24 ቀን

የኔ እመቤት፣

ደብዳቤሽን የመምህራን ክፍል ውስጥ ከፍቼው ሰው ፊት እንባዬ መጣ። እንዳትናገሪ አስምሎኝ ስለነበር ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ፤ አንቺ ራስሽ ከደረስሽበት ግን እኔ መሐላ አፈረስኩ አይባልም ብዬ ልቤን አጽናናሁ።

አያይም። የግራው ጨርሶ ጠፍቷል፤ በቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል። ጡረታ ሲወጣ ደክሞኛል አላላችሁም ነበር? ድካሙ ይኸው ነበር። እጁ ምንም የለበትም። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይመለስም ብሎታል። እኔ ለእህትህ እንንገራት ስለው «ስትጽፍልኝ የምትጠይቀኝ ኤዲተር ነህ ብላ ነው፤ ይህን ካወቀች የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ ብቻ ነው» ይለኛል። ሐሰት ነው እንዳልለው እንኳ አፍ የለኝም፤ ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ፊቱ የሚበራው ስለ ሥራ ስለሆነ ነው።

ቪዲዮውን እያየሁ የምነግረው እኔ ነኝ። እንደምታውቂኝ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ያየሁትን እቆጥራለሁ። ሁለት ወንበር አለ፣ ሰማዩ አረንጓዴ ነው፣ ኳስ አለ አልኩት። ዱላውን የያዘውን ሰውዬ የኳሷ አገልጋይ መስሎኝ ነበር፤ ስላልተናገረ ሳልነግረው አለፍኩት። እኔ ምን አውቄ? የአዲስ ዘመን ድራማ እንዲህ ነው ብዬ ነው።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ሰማዩንና ኳሷን አውጥቼ ደግሜ ልገልብጠው? እሱ አያውቅም። ላንቺም እንጀራሽ ነው። ካልሽኝ ዛሬውኑ እልከዋለሁ።


ኅዳር 2 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ነህ? ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኝ ነበር፤ ሳላመሰግንህ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ አዲሶቹ ልጆችና ስለ ዜማው ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ስለ መክፈቻው የጻፍከውን ብቻዬን ሆኜ እያወጣሁ አነበዋለሁ።

ኮሚቴው ተቀምጦ የዚያን ልጅ ቅጂ መርጧል። በጣም አልተከራከሩም። ያንተን ደብዳቤ ላቀርብ ነበር፤ ከውጭ የመጣ አስተያየት በደንቡ አይፈቀድም አሉኝና ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ። ከሰኞ ጀምሮ ዜና ክፍል ነኝ። ወንበሩ ጥሩ ነው፣ ክፍሉም መስኮት አለው። አትዘንብኝ።

ለእትዬ ብቻ፣ ያን የጠየቅሽኝን ነገር ተዪው። ጋሼ ያላለውን በጋሼ ስም አላቀርብም፤ ያለውንም ሰው እንዲስቅበት አሳልፌ አልሰጥም።

ታናሽህ


ኅዳር 9 ቀን

ለእህቴ፣

በደንቡ አይፈቀድም አልሽኝ። ያን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። የውጭ አስተያየት ይፈቀዳል፤ ተባዝቶ ለእያንዳንዱ አባል ይታደላል ይላል። እኔው ነኝ ያስገባሁት።

ስለዚህ ደብዳቤዬን ያላቀረብሽው ስላልፈለግሽ ነው። ስለ አዲሶቹ ልጆች የተናገርኩት ከበደሽ? ወይስ የሽማግሌ ወሬ ነው፣ ያሳፍረኛል አልሽ? ለእትዬሽ የጻፍሽላትን እሷ አላነብም ብላኛለች፤ «የሴቶች ነገር ነው» ትለኛለች። በቤቴ ውስጥ የሴቶች ነገር ሲባል የሰማሁት ዛሬ ገና ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ሥራሽ አትጠይቂኝ፤ እኔም አልጠይቅሽም። ጤና ይስጥሽ።


ታኅሣሥ 6 ቀን

ሚጡ፣

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ማስመሪያ ወረቀቱ ላይ አስደግፌ ስለሆነ መስመሩ ከተደራረበ ታገሺኝ።

ትናንት «ሩቅ ኬላ» ተላለፈ። ኩርፊያዬን ትቼ እትዬሽን ክፈቺልኝ አልኳት። መንገደኛው ሲመጣ «ሰማዩስ?» አልኳት፤ «ጥቁር ነው፣ ኮከብ አለው» አለችኝ። «ኳሷስ?» አልኳት። ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ዘግታ ሁሉንም ነገረችኝ፤ የላክሽላትንም አነበበችልኝ፤ እኔን ሳትሰማ ደግማ ልትጽፍ የነበረውንም ተናዘዘች። ተናድጄ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። መናደዴ በማን እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ ቆምኩ።

አፍሬያለሁ። የተጨማደደ ጨርቅን ድፍረት ነው ብያለሁ። ይህን ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሮ ብዕር ሳነሳና ስጥል ነው የዋልኩት።

ግን አንቺም አጥፍተሻል። ማቅረብ ነበረብሽ። ይሳቁብኝ ነበር፣ እንዴታ! ሻይ ቤት ወስደው አንድ ሳምንት ይስቁብኝ ነበር፤ ከዚያ በሌላ ሰው ይስቃሉ። ያንቺ ክፍል ግን አንዴ ሌላው ከተላለፈ በቃ፣ አይመለስም። ለእኔ ብለሽ ነው የጣልሽው። ማን ጠየቀሽ? አታባብለኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ያባበልሽኝ አንቺ ነሽ። እትዬሽ ያን ስታነብልኝ ግን እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ይህንንም ጻፍ ብላኛለችና ጻፍኩት።

የተላለፈውን በተመለከተ፣ ኤዲት ያደረገው ልጅ መጥፎ አይደለም። የእነዚያን ልጆች መግቢያ አሳጥሮታል፤ አንቺ ልትቆርጪው የሚገባሽ ነበር። ነገር ግን ፍንዳታው ጆሮዬን ደፈነው፤ ከባዶዎቹ ክፍሎች አንዱ ብቻ ተርፏል፤ ሳቋ የለችም። ተቆጣጣሪዋ ድምፅዋ በሚሰበርበት ቦታ ደግሞ ከበሮ መቱበት። ከዚያ በኋላ ዝጊው አልኳት።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ልመና አላውቅበትም፣ ሲበላሽብኝ እለፊው። ያንቺኛውን ሰምቼዋለሁ እንጂ አላየሁትም። ለሰው «አላየሁም» ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያለቀውን ይዘሽ ነይና ከጎኔ ተቀምጠሽ እየነገርሽኝ ልየው። እትዬሽ ነፍሷን ይማረው፣ ወንበር ትቆጥርልኛለች፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ፊቷ መቼ እንደሚዞር፣ አንቺ የት ላይ እንደቆረጥሽና ለምን እንደቆረጥሽ ግን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጤናዬን ልትጠይቂ ከሆነ ግን አትምጪ።

ወንድምሽ

(«ነፍሷን ይማረው» የሚባለው ለሞተ ሰው ነው ብዬ ብነግረው «አውቃለሁ፣ እንዲያው ስላናደድሽኝ ነው» አለኝ። እኔ አለሁ። ነይ። እትዬሽ።)


ታኅሣሥ 11 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ዜና ክፍል ሆኜ አነበብኩት፤ መስመሮቹ ተደራርበው አንዱን ቃል ከሌላው ለመለየት ብዙ ደከምኩ፣ እና ደስ አለኝ። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁት። «የታመመ ሰው አለ?» አለኝ። የለም፣ ሥራ ነው አልኩት።

ባላቀርበው ይሻል ነበር ወይስ ባቀርበው፣ አሁንም አላውቅም። ማታ ማታ ሁለቱንም አስባለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ፊት ለፊት ትቆጣኛለህ።

የተላለፈው የእነሱ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናንተ ሳሎን ውስጥ ይተላለፋል። ሁሉንም እነግርሃለሁ፤ ባቆምክበት አቆማለሁ፣ መልሺ ካልከኝ እመልሳለሁ። ስናበቃ ደካማውን ትነግረኛለህ፤ ያ ልጅ ገና የሚሠራው ሰባት ክፍል ይቀረዋል፣ ትናንትም ቢሮዬ መጥቶ «ወንድምሽ ስለ እኔ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ያልከውን ይዤለት እመለሳለሁ።